ፖላንድ ሄዶ በሰው ቤት ምግብ መሥራት መማር፦ ከቀጠሮው እስከ ድስቱ

ፖላንድ ውስጥ ፒየሮጊ ፈልጎ የሚያጣ መንገደኛ የለም። ክራኮቭ፣ ዋርሶ፣ ግዳንስክ፣ የትም ሂዱ፣ ጥግ በዞራችሁ ቁጥር የሚሸጥበት ቤት አለ። ከስስ ሊጥ ይሠራል። ውስጡ ድንችና አይብ፣ ጎመንና እንጉዳይ ወይም ሥጋ ይገባል። ከዚያ በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ታጥፎ ይቀቀላል። ገብቶ፣ በልቶ፣ ከፍሎ መውጣት ይቻላል። አሠራሩን ለመማር ግን ሰው ቤት መግባት ይሻላል። ሊጥ በቪዲዮ አይለመድም። አጠገባችሁ ቆሞ "ትንሽ ውሃ ጨምሩ"፣ "በቃ፣ አሁን ይረፍ" የሚል ሰው ያስፈልጋል።

እንዲህ ያለ ትምህርት ለሥራ ወይም ለትምህርት እዚያው ለምትኖሩ ጥሩ ነው። ከጀርመን በባቡር ተሻግራችሁ ቅዳሜና እሁድን ለምታሳልፉም፣ ከአዲስ አበባ ለጉብኝት ለምትሄዱም እንደዚያው። ሁላችሁም አንድ ጥያቄ ያዙ፦ እጄ ሊጡን የሚነካው ለምን ያህል ጊዜ ነው? ቤት ስትመርጡም፣ መልእክት ስትጽፉም፣ ማዕድ ቤት ስትገቡም ይህችን አትርሷት። የምትከፍሉት ለዚያ ነው።

ቤቱን መምረጥ

ኤርቢኤንቢ እና ኢትዊዝ የሚባሉት ድረ ገጾች ላይ በከተማው ስም ብትፈልጉ በቤታቸው የሚያስተምሩ ሰዎች ታገኛላችሁ። ሁለት ነገር ግን ይቀላቀልባችኋል። አንዱ እራት ነው። ባለቤቶቹ ያበስላሉ፣ እናንተ ትበላላችሁ፣ ወግ ይጠረቃል። ደስ ይላል፤ ትምህርት ግን አይደለም። ሌላው ሽርጥ አስሮ የሚያሠራችሁ ነው። ማብራሪያውን እስከ መጨረሻው አንብቡ። "ሲዘጋጅ ታያላችሁ" የሚል ከሆነ እለፉት። "ታቦካላችሁ፣ ትዳምጣላችሁ፣ ትሞላላችሁ" የሚል ከሆነ ቀጥሉ።

ቀጥሎ የሰው ብዛት ነው። በአንድ ተራ የአፓርታማ ማዕድ ቤት ከስድስት ሰው በላይ ከገባ ግማሹ ቆሞ ያያል። አሥርና አሥራ ሁለት ሰው የሚቀበል ማስታወቂያ ብዙ ጊዜ የተከራየ ስቱዲዮ ነው። መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። የሰው ቤት ግን አይደለም።

የምግቡንም ብዛት እዩ። በሦስት ሰዓት አምስት ምግብ እናሠራችኋለን የሚሉ አሉ። አይሆንም። ሊጡ ተቦክቶ፣ ድንቹ ተቀቅሎ፣ ሽንኩርቱ ተጠብሶ ነው የሚጠብቃችሁ። ሁለት ምግብ በቂ ነው፦ ፒየሮጊ እና አንድ ሾርባ። በሦስት ወይም በአራት ሰዓት ሁለቱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መሥራት ይቻላል።

አስተያየቶቹን ስታነቡ "በጣም ጣፋጭ ነበር" የሚለው ብዙ አይነግራችሁም። "ሊጡን ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ" የሚል ካገኛችሁ እዚያ ሂዱ። ፎቶውም ይናገራል። ያማረ ሳህን ብቻ ከሆነ ተጠራጠሩ። በዱቄት የተሸፈነ ትልቅ የእንጨት ሰሌዳና ዙሪያውን የቆሙ ሰዎች ከታዩ ቤቱ የሥራ ቤት ነው። ያ ሰሌዳ ስቶልኒትሳ ይባላል። በብዙ የድሮ ቤት ከቁምሳጥን ኋላ ቆሞ ተራውን ይጠብቃል።

እዚያው የምትኖሩ ከሆነ ኢንተርኔትም ላያስፈልጋችሁ ይችላል። የሥራ ባልደረባችሁ እናት ወይም አያት፣ የፎቁ ጎረቤት፣ አብሯችሁ የሚማር ልጅ ቤተሰብ አለ። ፖላንዶች ስለ አያታቸው ፒየሮጊ ከጠየቃችኋቸው ፊታቸው ይበራል። ገንዘብ አንቀበልም ካሉ የዕቃውን ወጪ እናንተ ቻሉ።

ወቅቱንም አስቡበት። በእነሱ በጋ፣ ማለትም በኛ ክረምት ከሄዳችሁ በዱር ብሉቤሪ የተሞላ ጣፋጭ ፒየሮጊ አለ። መኸር የእንጉዳይ ጊዜ ነው። ከፋሲካ በፊት ዡሬክ የሚባለው ኮምጣጣ ሾርባ በየቤቱ ይሠራል። ታኅሣሥ ደግሞ የገና ዋዜማ ምግብ የሚለመድበት ወር ነው። ክራኮቭ በነሐሴ የፒየሮጊ ፌስቲቫል አላት። በአፈ ታሪክ የፒየሮጊ ጠባቂ ተደርጎ የሚታሰበው የቅዱስ ያትሴክ በዓልም እዚያው ወር፣ በፈረንጆቹ ኦገስት 17 ላይ ይውላል።

ስለ አሳማና ስለ ጾም ቀድሞ መጻፍ

ኦርቶዶክስም ሁኑ ሙስሊም፣ ይህን ክፍል ሳታነቡ ቀጠሮ አትያዙ።

የፖላንድ ማዕድ ቤት በአሳማ ላይ ቆሞ ያደገ ነው። ሥጋው ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር። "ሥጋ የሌለበት" በተባለ ምግብ ውስጥም ሊገባ ይችላል። ድንችና አይብ የተሞላ ፒየሮጊ ላይ ስክፋርኪ የሚባል የተጠበሰ የአሳማ ስብ ፍርፋሪ ይነሰነሳል። ሽንኩርቱ በስማሌትስ፣ ማለትም በቀለጠ የአሳማ ስብ ሊጠበስ ይችላል። ዡሬክ ውስጥ ነጭ ቋሊማ ይገባል፤ መረቁም ብዙ ጊዜ ከተጨሰ የአሳማ ሥጋ ነው። ቢጎስ የሚባለው የጎመን ወጥም፣ በጥቅል ጎመን ቅጠል የሚጠቀለለው ጎዎምፕኪም አብዛኛውን ጊዜ አሳማ አለባቸው።

ስለዚህ "ሥጋ አልበላም" ብሎ መጻፍ አይበቃም። እንዲህ ብላችሁ ዘርዝሩ፦ አሳማ አልበላም፣ የአሳማ ስብም፣ ቋሊማም፣ በአሳማ አጥንት የተሠራ መረቅም አልበላም፤ ሽንኩርቱ በዘይት ወይም በቅቤ ይሁንልኝ። በፖላንድኛ "ኒየ የም ቭየፕሾቪኒ" ማለት አሳማ አልበላም ነው። ሐላል ሥጋ የምትፈልጉ ከሆነ ደግሞ ሥጋውን ጭራሽ ተዉትና ድንችና አይብ፣ ወይም ጎመንና እንጉዳይ ምረጡ። ትምህርቱ አይጎድልባችሁም። ለጀማሪ የድንቹ ሙሌት ከሥጋው ይልቅ ለመያዝም ይመቻል።

የጾሙ ነገር ይበልጥ ይረቃል። ለካቶሊክ ፖላንዳዊ ጾም ማለት ሥጋ መተው ነው። ዓሣ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል ይበላል። እናንተ "ዛሬ ጾም ነኝ" ብላችሁ ብትጽፉ እመቤቲቱ በቅንነት ቅቤ የጠጣ ፒየሮጊ ያቀርቡላችኋል። በኛ ጾም ለመማር ከፈለጋችሁ "ቬጋን" የሚለውን ቃል ተጠቀሙ። እዚያ የታወቀ ቃል ነው፤ ማብራሪያም አያሻውም። ሊጡ ያለ እንቁላል ይቦካል። ሙሌቱ ጎመንና እንጉዳይ ይሆናል። ሽንኩርቱ በዘይት ይጠበሳል።

የእነሱ የገና ዋዜማ፣ ቪጊሊያ፣ ዲሴምበር 24 ላይ ነው። ብዙውን ዓመት ታኅሣሥ 15 ላይ ይውላል። የኛ የነቢያት ጾም በዚያን ጊዜ መካከሉ ላይ ነው። የመጀመሪያዋ ኮከብ ስትታይ ማዕድ ይቀርባል። በልማዱ 12 ዓይነት ምግብ ነው፤ ሥጋ የለበትም። ላልታሰበ እንግዳ አንድ ወንበርና አንድ ሳህን ባዶ ይተዋል። ከምግቦቹ መካከል ለጾመኛ የሚሆነው ብዙ ነው፦ ጎመንና ደረቅ እንጉዳይ የተሞላ ፒየሮጊ፣ ከቀይ ሥር የሚሠራ ባርሽች፣ ባርሽቹ ውስጥ የሚገቡ ኡሽካ የሚባሉ ትንንሽ እጥፎች። በታኅሣሥ መጀመሪያ ለመማር ብትሄዱ "የቪጊሊያ ፒየሮጊ ያለ እንቁላል፣ በዘይት አሠሩኝ" በሉ። ለእሳቸውም የለመዱት ሥራ ነው፤ ለእናንተም ጾማችሁ አይፈርስም።

ይህን ሁሉ ቢያንስ ከሳምንት በፊት ጻፉ። ደረቅ እንጉዳይ ማደር አለበት፤ ገበያም መውጣት አለባቸው። በር ላይ ደርሶ መናገር ሰው ማስጨነቅ ነው።

ገበያ

አንዳንዶቹ ትምህርቱን ከገበያ ይጀምራሉ። ምርጫ ካላችሁ ያንን ያዙ። ክራኮቭ ውስጥ ከመሀል አደባባዩ ትንሽ ተራምዶ ስታሪ ክሌፓሽ የሚባል የቆየ ገበያ አለ። ዋርሶ ላይ ሃላ ሚሮፍስካ አለላችሁ። እሁድ ግን አታስቡት። ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሕግ ምክንያት አብዛኛው ሱቅ እሁድ ዝግ ነው።

ገበያው ላይ ሦስት ነገር በደንብ እዩ። አንደኛው ዱቄቱ ነው። ከረጢቱ ላይ "ቲፕ" ብሎ 450፣ 500፣ 2000 የሚል ቁጥር አለ። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ዱቄቱ ነጭና ላመ ነው። ለፒየሮጊ 450 ወይም 500 ይያዛል። 2000 ያለበት ራይ ከሚባለው እህል የተፈጨ ያልተነፋ ዱቄት ለዡሬክ እርሾ ነው። ሁለተኛው ትፋሩግ የሚባለው አይብ ነው። የኛን አይብ የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይግባባዋል። ወተቱ ኮምጥጦ ይሞቃል፣ ይንጠፈጠፋል፣ ይጫናል። ውሃው በደንብ ስለወጣ ከኛው ይልቅ ደረቅ ያለና የሚቆረጥ ነው። ቅባቱ ዝቅተኛ፣ መካከለኛና ሙሉ የሆነ አለ። መካከለኛውን ውሰዱ። ሦስተኛው በአንድ ላይ ታስሮ የሚሸጥ የሾርባ አትክልት ነው፦ ካሮት፣ የፓርስሊ ሥር፣ የሴለሪ ሥር፣ ባሮ ሽንኩርት። ለእያንዳንዱ ሾርባ መነሻው እሱ ነው።

በሩ ላይ

አድራሻው 14/6 ከሆነ ሕንፃ 14፣ ቤት ቁጥር 6 ማለት ነው። በሩ ላይ ቁጥር የሚነካበት የጥሪ ሰሌዳ አለ። 6ን ነክታችሁ የደወሉን ምልክት ተጫኑ። የፎቁ አቆጣጠር እንደኛ ነው። ከምድር ቤቱ በላይ ያለው አንደኛ ፎቅ ይባላል።

በሰዓቱ ድረሱ። አምስት ደቂቃ ማለፍ ችግር የለውም፤ ግማሽ ሰዓት ግን ነውር ነው። ቀድሞ መድረስም አይመከርም፤ ሰውየው ገና ወለል እየጠረገ ይሆናል።

ባዶ እጅ አይኬድ መቼም። አበባ ከያዛችሁ ጎዶሎ ቁጥር ይሁን፤ አምስት ወይም ሰባት። ክሪሳንቲመም አትግዙ። እሱ የመቃብር አበባ ነው። በኖቬምበር 1፣ በሙታን መታሰቢያ ሰሞን፣ መቃብሩ ሁሉ በእሱ ይሸፈናል። ከሁሉ የሚሻለው ግን የራሳችሁ ቡና ነው። አንድ ጥቅል የተቆላ የይርጋጨፌ ወይም የሲዳማ ቡና ይዛችሁ ብትገቡ ወግ ከዚያ ይጀምራል። ፖላንዶች ቡና ይወዳሉ።

ደፍ ላይ ቆማችሁ እጅ አትዘርጉ። ግቡና ሰላም በሉ። ብዙ ሰው፣ በተለይ ትልልቆቹ፣ ደፍ ተሻግሮ መጨባበጥ ክፉ ገድ ነው ይላሉ። ጫማ ይወልቃል። የእንግዳ ነጠላ ጫማ ይሰጣችኋል፤ ካልሲያችሁን አስቀድማችሁ እዩ። በዕድሜ ለሚበልጧችሁ ሴት "ፓኒ"፣ ለወንድ "ፓን" ብላችሁ ስማቸውን አስከትሉ። እነሱ ራሳቸው "በስሜ ጥሩኝ" እስኪሉ ድረስ ይሄው ይቆይ። "ጄን ዶብሪ" ሰላምታ ነው። "ጄንኩየ" አመሰግናለሁ ነው። እነዚህን ሁለቱን በአግባቡ ማለት ከቻላችሁ ቀሪውን በእንግሊዝኛም በእጅም ትግባባላችሁ።

ሊጡ

አሁን ዋናው መጣ። ቁርስ ቀለል አድርጋችሁ፣ እጅጌያችሁን ሰብስባችሁ፣ ቀለበት አውልቃችሁ ግቡ።

መጠኑ እንደየቤቱ ይለያያል። የሚሠራበት መነሻ ግን ይሄ ነው፦ ግማሽ ኪሎ ዱቄት፣ ሩብ ሊትር ያህል ትኩስ ውሃ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። እንቁላል የሚጨምሩ አሉ፣ የማይጨምሩ አሉ። የሚጨምሩት ሊጡ ይጠነክራል ይላሉ። እኔ ያለ እንቁላል የተቦካውን እመርጣለሁ። ለስላሳ ነው፤ ሲቀዘቅዝም አይደርቅም።

የውሃው ሙቀት ላይ ትኩረት አድርጉ። ጣት የማያስገባ ትኩስ መሆን አለበት፤ የሚንፈቀፈቅ ግን አይደለም። ትኩስ ውሃ የዱቄቱን ስታርች በከፊል ያበስለዋል። ስለዚህ ሊጡ ሲዳመጥ ተመልሶ አይሸበሸብም። በቀዝቃዛ ውሃ ያቦካችሁት ሊጥ ግን በመዳመጫ ከገፋችሁት በኋላ ወደ ቦታው ይመለሳል። ሁለቱን ጎን ለጎን ቢያሳዩዋችሁ ጥሩ ነው። ካላሳዩ ጠይቁ።

መጀመሪያ ውሃውን ከዱቄቱ ጋር በማንኪያ አማስሉት፤ ይፋጃል። እጅ የሚችለው ሲሆን ወደ ሰሌዳው ገልብጡና እሹት። በመዳፋችሁ ተረከዝ ወደፊት መግፋት፣ ማጠፍ፣ ሩብ ዙር ማዞር፣ እንደገና መግፋት። መጀመሪያ ይጣበቃል። ዱቄት ለመጨመር እጃችሁ ይሮጣል። ያዙት። ሰባት ስምንት ደቂቃ ታሽቶ ራሱ ይለቃል። በጣት ጫን ስትሉት ጉድጓዱ ቀስ ብሎ ከሞላ ደርሷል። ሳህን ገልብጣችሁ ወይም እርጥብ ጨርቅ አልብሳችሁ ግማሽ ሰዓት ይረፍ።

እስከዚያ ሙሌቱ። ግማሽ ኪሎ ድንች፣ ሩብ ኪሎ ትፋሩግ፣ ሁለት ራስ ሽንኩርት። ድንቹ ቀደም ብሎ ተቀቅሎ መቀዝቀዝ አለበት። ትኩስ ድንች ይተናል፤ እንፋሎቱ ሊጡን ያረጥበዋል። ሲጨፈለቅ ወተትም ቅቤም አይገባበትም። ደረቅ ይሁን። ሽንኩርቱ በቀስታ ወርቃማ እስኪሆን ይጠበሳል፤ ግማሹ ወደ ሙሌቱ፣ ግማሹ በኋላ ላዩ ላይ ለመጨመር ይቀመጣል። ጨውና ቁንዶ በርበሬ። በቁንዶ በርበሬው አትፍሩ። የዚህ ሙሌት ቅመም እሱ ብቻ ነው። ቅመሱት፤ ለብቻው ትንሽ ጨው የበዛበት ከመሰላችሁ ልክ ነው። የሊጡ ጨው ትንሽ ስለሆነ ያስተካክለዋል።

የጾሙ ሙሌት ደግሞ ግማሽ ኪሎ ያህል የኮመጠጠ ጥቅል ጎመንና አንድ ሁለት እፍኝ ደረቅ የዱር እንጉዳይ ነው። እንጉዳዩ አድሮ ይቀቀላል፣ ይከተፋል። ጎመኑ ተጨምቆ፣ በደቃቁ ተከትፎ፣ ከሽንኩርት ጋር በዘይት ይበስላል። ውሃው እስኪደርቅ ድረስ እሳት ላይ ይቆይ። የእንጉዳዩን ውሃ አትድፉ። ሽታው ብቻ ይነግራችኋል፤ ለባርሽቹ ይሆናል።

ሊጡ ካረፈ በኋላ በአራት ከፍላችሁ አንዱን ብቻ አውጡ፤ ሦስቱ ጨርቅ ለብሰው ይቆዩ። በመዳመጫ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል እስኪሳሳ ዳምጡ። ከዚያ ቀለል ያለው ነገር ይመጣል፦ የውሃ ብርጭቆ። አፉን ዱቄት አስነክታችሁ ሊጡ ላይ ጫን፣ ዞር። ክቡ ይወጣል። ከዙሪያው የተረፈውን ሰብስቡና መልሳችሁ እሹት። ለማጠፍ ጊዜ እንዲኖራችሁ በአንድ ጊዜ ብዙ ክብ አትቁረጡ፤ ጠርዙ ይደርቃል።

እጥፉ ላይ ነው ሁሉም የሚለየው። ክቡን ግራ መዳፋችሁ ላይ አድርጉ። አንድ የሻይ ማንኪያ ሙላ ሙሌት መሀሉ ላይ አስቀምጡ። አጥፉና መጀመሪያ መሀሉን ብቻ ቆንጥጡ። ከዚያ ከመሀል ወደ ጫፍ፣ በአውራ ጣትና በአመልካች ጣት፣ አየሩን ወደ ውጭ እየገፋችሁ ዝጉ። አየር ከታፈነበት ድስት ውስጥ ይነፋና ይፈነዳል። ጠርዙ ላይ ዱቄት ካለ ወይም ሙሌት ከነካው አይዘጋም። በጣታችሁ ጫፍ ትንሽ ውሃ አስነኩት። ከዚያ ሁለተኛ ዙር ቆንጥጡ። እመቤቲቱ ጠርዙን በጣታቸው እየጠቀለሉ ሹሩባ የመሰለ እጥፍ ሲሠሩ ታያላችሁ። አትቸኩሉ፤ መጀመሪያ የሚዘጋ ይሁን፤ ውበቱ ይደርሳል። ያጠፋችኋቸውን በዱቄት በተነሰነሰ ጨርቅ ላይ ሳይነካኩ ደርድሩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አደራ። እሳቸው ፈጣን ናቸው። እናንተ አንድ ስታጥፉ እሳቸው አምስት ያጥፋሉ። ለእንግዳ በማዘን "ስጡኝ፣ ልጨርሰው" ይሏችኋል። በትሕትና እምቢ በሉ። "እኔ ልሥራው፣ እርስዎ ይዩኝ" በሉ። የተበላሸውን እጥፍ እንዲገልጡላችሁና የቱ ጋ እንደተሳሳታችሁ እንዲያሳዩዋችሁ ጠይቁ። የመጣችሁት ለዚህ ነው፤ እሳቸውም ደስ ይላቸዋል።

መቀቀሉ አጭር ነው። ሰፊ ድስት፣ ብዙ ውሃ፣ ጨው። ሲፈላ አሥር አሥራ ሁለት ብቻ ጨምሩ። ወዲያው በእንጨት ማንኪያ ጀርባ ከታች በስሱ አንቀሳቅሱ፤ እንዳይጣበቁ። ሲንሳፈፉ ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ይጨመርላቸው። በቀዳዳ ጭልፋ አውጡ። ማጥለያ ላይ አትገልብጧቸው፤ ይቀደዳሉ። ትንሽ ዘይት ወይም ቅቤ ከነካቸው አይያያዙም። ላያቸው ላይ ያ የተቀመጠው ሽንኩርት፣ ጎኑ ላይ ሽሚየታና የሚባለው ኮምጣጣ ክሬም።

ዡሬክና እርሾው

ከሾርባዎቹ ለኛ ሰው በጣም የሚቀርበው ዡሬክ ነው። ምክንያቱ እርሾው ነው። ጤፍ ያቦካ እጅ ይሄን ለማወቅ ማብራሪያ አይፈልግም። አምስት የሾርባ ማንኪያ ያልተነፋ የራይ ዱቄት፣ ግማሽ ሊትር ፈልቶ ለብ ያለ ውሃ፣ ሁለት ሦስት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ ሁለት ቤይ ሊፍ፣ ጥቂት ፍሬ ኦልስፓይስ በብርጭቆ ማሰሮ ይጨመራል። በጨርቅ ይሸፈናል። ለብ ባለ ቦታ አራት ወይም አምስት ቀን ይቆያል። በየቀኑ በእንጨት ማንኪያ ይማሰላል። ሲደርስ ሽታው ይኮመጥጣል፤ ንጹሕ ነው። ሮዝ፣ አረንጓዴ ወይም ጥቁር ሻጋታ ካያችሁ ማሰሮውን እንዳለ ድፉ።

በአንድ ከሰዓት በኋላ ይሄ አይደርስም። ስለዚህ እሳቸው የደረሰ እርሾ አስቀምጠው ይጠብቃሉ። እናንተ የራሳችሁን ማሰሮ እንድትጀምሩ ጠይቁ። ያላችሁበት ክፍል ወይም ሆቴል ይዛችሁ ሂዱና በየቀኑ አሽቱት። በብዙ አውሮፕላን ማረፊያ በእጅ ሻንጣ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ፈሳሽ አይፈቀድም። ስለዚህ ወደ አገር ቤት ዱቄቱን ይዛችሁ ሂዱ፤ እርሾውን እዚያ ትጀምሩታላችሁ።

አሳማ የሌለበት ዡሬክ እንዲህ ይሠራል። የአትክልት መረቅ ከደረቅ እንጉዳይ ጋር ይፈላል። እርሾው ተበጥብጦ ቀስ እየተባለ ይጨመርና ሾርባው ይወፍራል። ማርጆራም በመዳፍ ታሽቶ ይነሰነሳል። የተቀቀለ ድንችና ግማሽ እንቁላል ሳህኑ ላይ ይገባል። ኮምጣጣነቱ የሚመጣው ከእርሾው ነው፤ ስለዚህ ሁሉንም በአንዴ አትጨምሩ።

ባርሽች የምትሠሩ ከሆነ አንድ ነገር ብቻ ያዙ። የኮመጠጠው የቀይ ሥር ውሃ ከተጨመረ በኋላ አይፈላም። ከፈላ ያ ደማቅ ቀይ ይጠፋና ቡናማ ይሆናል።

ማዕድ ላይ

ከመጀመራችሁ በፊት "ስማችኔጎ" ይባላል። "መልካም ምግብ" እንደማለት ነው። ይሄን ሳይሉ ማንኪያ አይነሳም። ኮምፖት ይቀርባል፤ ፍራፍሬ ተቀቅሎ የሚጠጣ ውሃው ነው። ቤት የተሠራ ናሌፍካ፣ ፍራፍሬ በአልኮል ተዘፍዝፎ የሚሠራ መጠጥ፣ ሊቀርብ ይችላል። የማትጠጡ ከሆነ "ኒየ ፒየ"፣ አልጠጣም፣ በሉ። አይቀየሙም።

ሳህናችሁ ሲያልቅ ይጨመራል። "በሞቴ" የሚል ባይኖርም መጫኑ አለ። መጀመሪያ ትንሽ አንሱ፤ ሁለተኛውን በደስታ ትቀበላላችሁ።

ይሄ ሰዓት ለጥያቄ የሚመች ነው። ምግቡ ከማን የመጣ ነው፣ እናታቸው እንዴት ትሠራው ነበር፣ በክፍለ ሀገራቸው ምን ይለያል። ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ። ሲያሠሯችሁ በእፍኝና በዓይን የለኩትን እዚህ በግራም አስሉት። "ትንሽ ውሃ" ስንት ነበር? ሰሌዳው ላይ ሳይፈስ በፊት ብርጭቆው እስከ የት ሞልቶ ነበር? እሳቸው አይናደዱም፤ ያስባሉ፣ ይስቃሉ፣ ከዚያ ልኩን ይነግሯችኋል።

ክፍያው ቀድሞ በመተግበሪያው ካልተፈጸመ በዝሎቲ ጥሬ ገንዘብ ይዛችሁ ሂዱ። ሳህኑን ለማጠብ ተነሡ። አይፈቅዱላችሁም ይሆናል፤ መነሣታችሁ ግን ይታወስላችኋል።

አዲስ አበባ ስትመለሱ

ቤታችሁ ስትደግሙት ሁለት ነገር ይለያል። አንደኛው አይቡ ነው። የኛ አይብ ውሃ ይይዛል። በንጹሕ ነጠላ ወይም በስስ ጨርቅ ቋጥራችሁ ሌሊቱን አንጠልጥሉት። ጠዋት በእጅ ሲፈረፈር ተጠቀሙበት። ዱቄቱ የተለመደው የፉርኖ ዱቄት ይሆናል። ፋብሪካ ከፋብሪካ ውሃ የሚጠጣበት መጠን ስለሚለያይ ሩብ ሊትሩን በአንዴ አታፍስሱ። ያ እጃችሁ ፖላንድ የለመደውን ልስላሴ እስኪያገኝ በማንኪያ በማንኪያ ጨምሩ።

ሁለተኛው ከፍታው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ውሃ እዚህ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ ፒየሮጊው ቶሎ ቢንሳፈፍም ሊጡ አልበሰለም ይሆናል። ከተንሳፈፈ በኋላ አራት አምስት ደቂቃ ስጡት። አንዱን አውጡና ጠርዙን ቁረጡ። መሀሉ ላይ ነጭ ጥሬ መስመር ካለ ሌሎቹ ይቆዩ።

በአንድ ጊዜ ሃምሳ ያህል ስለሚወጣ ሁሉንም አትቀቅሉ። የቀረውን ጥሬውን በትሪ ላይ ሳይነካካ ደርድራችሁ ማቀዝቀዣው በረዶ ቤት አስገቡ። ሲደርቅ በፌስታል ሰብስቡት። በኋላ በረዶውን ሳታቀልጡ በቀጥታ የፈላ ውሃ ውስጥ ይገባል። ተቀቅሎ ያደረውን ደግሞ ጠዋት በመጥበሻ በቅቤ ሁለቱንም ጎን ቡናማ እስኪሆን ጥበሱት፤ በጾም በዘይት።